ብፅዓት፣ ሐዘንና ፍቅር በ«ፍቅር እስከ መቃብር»

የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» በ1958 ዓ.ም. ከታተመ ወዲህ በአማርኛ ልብ ወለድ ታሪክ ውስጥ የያዘውን ስፍራ ለዚህ መጽሔት አንባቢ ማስረዳት አያስፈልግም። መጽሐፉ በክፍል ውስጥ ይተነተናል፤ በወጋየሁ ንጋቱ ድምፅ በራዲዮ ተተርኮ ፊደል ካልቆጠረው ሰው ጆሮ ሳይቀር ደርሷል፤ የገጸ ባሕርያቱ ስሞችም በዕለት ንግግር ውስጥ ገብተው የሰው ዓይነት መጠሪያ እስከ መሆን ደርሰዋል። ይሁን እንጂ ስለ ድርሰቱ ሲጻፍና ሲነገር በአብዛኛው ጎልቶ የሚወጣው አንድ ንባብ ነው። በዚህ ንባብ መሠረት መጽሐፉ የባላባታዊውን ሥርዓት የሚከስ ሲሆን፣ የበዛብህና የሰብለ ወንጌል ፍቅር ለፍሬ ያልበቃው የፊታውራሪ መሸሻ የዘር ኩራት ስላገደው ነው።

ይህ ንባብ ስሕተት አይደለም። ፊታውራሪ መሸሻ ከገበሬዎቻቸው ጋር የገቡት ጠብ፣ በአበጀ በለው መሪነት የተነሣው እምቢታ፣ የጉዱ ካሳ ትችት ሁሉ ይህንኑ ይደግፋሉ። ሆኖም የታሪኩን ግማሽ ብቻ ያብራራል። ሰብለ ወንጌል ለምን እንዳታገባ እንደ ተከለከለች ይነግረናል እንጂ በዛብህ ፊታውራሪ መሸሻ ባይኖሩ ኖሮም በነፃነት ማፍቀር ያልቻለበትን ምክንያት አይነግረንም። በበዛብህ ልብ ውስጥ ያለው ዕንቅፋት የተተከለው በጌቶች አዳራሽ አይደለም። የተተከለው በድሆች ቤት ነው፤ የተከሉትም የሚወዱት እናትና አባቱ ናቸው። ይህ ጽሑፍ ያንን ዕንቅፋት ይመረምራል። የጽሑፉም ሐሳብ በአጭሩ ይህ ነው፦ በርእሱ ላይ የተጠቀሰው መቃብር ፍቅሩ የሚያበቃበት ስፍራ ብቻ አይደለም፤ ፍቅሩን ያሰረው ቃል የመጣውም ከመቃብር ነው።

የሁለት ቤቶች ውሳኔ

ልብ ወለዱ የሚጀምረው በሁለቱ ፍቅረኞች አለመሆኑ ብዙ ጊዜ እንደ ጉድለት ሲቆጠር ይሰማል። አንባቢው ዲማ ከመድረሱ በፊት በማንኩሳ ይቆያል፤ ከበዛብህም በፊት የቦጋለ መብራቱንና የውድነሽ በጣሙን ታሪክ እንዲያነብ ይገደዳል። ሁለቱም የኑሮን ብቸኝነት ከቀመሱ በኋላ የተገናኙ፣ የመጀመሪያው የወጣትነት ጊዜ ያለፈባቸው ሰዎች ናቸው። በተማሪዎቼ ዘንድ ይህ ክፍል «ታሪኩ ገና ያልጀመረበት» ይባላል። እኔ ግን የሴራው ቋጠሮ የታሰረው እዚሁ ላይ ነው እላለሁ። የወላጆቹን ብቸኝነት ሳናውቅ የብፅዓቱን ክብደት ልናውቅ አንችልም። ዘግይቶ በመጣ ትዳር ውስጥ ያለ ተስፋ የተገኘ አንድ ልጅ ለወላጆቹ ምን ማለት እንደ ሆነ ሐዲስ በሐተታ አይነግሩንም፤ ከእነርሱ ጋር አኑረው ያሳዩናል እንጂ።

ልጁም ተወለደ። ወላጆቹ እንዲያድግላቸው ሲሉ ለእግዚአብሔር ተሳሉት፤ ትዳር ሳይዝ ቤተ ክርስቲያንን እያገለገለ እንዲኖር ቃል ገቡ። ቃሉ የተሰጠው በልጁ ሕይወት ላይ ነው፤ ልጁ ግን አልተጠየቀም፤ ሊጠየቅ በሚችልበትም ዕድሜ ላይ አልነበረም።

አሁን ወደ ሁለተኛው ቤት እንሂድ። በፊታውራሪ መሸሻና በወይዘሮ ጥሩአይነት ቤት የምታድገው ሰብለ ወንጌል የምታገባበት ጊዜ እያለፈ ነው። ባል የሚጠይቃት ጠፍቶ አይደለም፤ አባቷ በዘር የሚመጥናት ስላላገኙ ነው። እዚህም ቤት በልጅቱ ሕይወት ላይ የተወሰነ ውሳኔ አለ፤ እዚህም የተጠየቀ የለም። ሁለቱ ቤቶች በሀብት፣ በማዕርግና በኑሮ የሰማይና የምድር ያህል ይራራቁ እንጂ በዚህ አንድ ነገር ይመሳሰላሉ። በአንደኛው ልጅ ለሰማይ የተሰጠ ስጦታ ነው፤ በሁለተኛው የዘር ሐረግ ማስቀጠያ ነው። በሁለቱም ልጅ የራሱ አይደለም።

የቤተሰብ ምስጢር የምለውም ይህንን ነው። በገጠር ኑሮ ውስጥ ምስጢር ማለት ሁልጊዜ ሰው የማያውቀው ነገር ማለት አይደለም። ጎረቤት ሁሉ የሚያውቀው ነገር ግን አንደበት የማይደፍረው ጉዳይም ምስጢር ነው። የሰብለ ወንጌል ሳታገባ መቆየት በዲማ የማይታወቅ ነገር አይደለም፤ ነገር ግን በአባቷ ፊት ማን ያነሣዋል? የበዛብህም ብፅዓት እንዲሁ በልቡ ተሸክሞት የሚዞረው፣ ሊያራግፈውም ሊያካፍለውም የሚከብደው ሸክም ነው። ሁለቱ ወጣቶች የሚገናኙት እንግዲህ ሁለቱም ከየቤታቸው አንድ ያልተነገረ ነገር ይዘው ነው።

ሐና፣ ዮፍታሔና ውድነሽ

ብፅዓት የሐዲስ ፈጠራ አይደለም። ደራሲው በ1902 ዓ.ም. በጎጃም ተወልደው በልጅነታቸው የቤተ ክህነት ትምህርት የተማሩ በመሆናቸው የሚጽፉት ስለሚያውቁት ዓለም ነው። በዚያ ዓለም ልጅን ለእግዚአብሔር መስጠት የከበረ አርአያ ያለው ሥራ ነው። ኢያቄምና ሐና ልጃቸውን ማርያምን ለቤተ መቅደስ የሰጡበት መታሰቢያ በየዓመቱ ታኅሣሥ 3 ቀን በበዓታ ይከበራል። የነቢዩ የሳሙኤል እናት ሐናም ወንድ ልጅ ብትሰጠኝ መልሼ እሰጥሃለሁ ብላ መሳሏን ሕዝቡ በስብከት ሲሰማ ኖሯል። ስለዚህ ቦጋለና ውድነሽ ቃል ሲገቡ ጨካኝ ሥራ የሠሩ አይመስላቸውም፤ ከእነርሱ የሚበልጡ ቅዱሳን የሄዱበትን መንገድ የተከተሉ ይመስላቸዋል።

ይሁንና በመጽሐፈ ሳሙኤል ያለውን ታሪክ እስከ መጨረሻው ያነበበ ሰው አንድ ነገር ያስተውላል። ሳሙኤል አድጎ እስራኤልን የፈረደ ሲሆን ኢዮኤልና አብያ የሚባሉ ልጆች ነበሩት። የእናቱ ስእለት ለአገልግሎት እንጂ ከትዳር እንዲለይ አላስገደደውም። የበዛብህ ወላጆች ሐናን አርአያ ቢያደርጉም ከሐና አልፈው ሄደዋል ማለት ነው። በዚህ ረገድ የእነርሱ ቃል ይበልጥ የሚቀርበው በመጽሐፈ መሳፍንት ከሚገኘው ከዮፍታሔ ቃል ነው። ዮፍታሔ ድል ባገኝ ከቤቴ በር መጀመሪያ የሚቀበለኝን እሰጣለሁ ብሎ ተሳለ፤ የተቀበለችው አንዲት ልጁ ነበረች። ልጅቱም ከጓደኞቿ ጋር በተራሮች ላይ ስለ ድንግልናዋ ለማልቀስ ሁለት ወር ለመነች። አባት የተናገረውን ቃል ልጅ በሕይወቷ ከፈለችው።

ሐዲስ ይህንን ንጽጽር በመጽሐፉ ውስጥ አስቀምጠውታል ማለቴ አይደለም። ነገር ግን ስእለትን የምታውቅ ማኅበረሰብ ሁለቱንም ታሪኮች ታውቃለች። የሚያስደንቀው ደራሲው ከሁለቱ አንዱን አለመምረጣቸው ነው። ውድነሽን እንደ ሐና አያመሰግኗትም፤ እንደ ዮፍታሔም አይከሷትም። እናት ናት፤ ፈራች፤ ያላትን ሁሉ ሰጠች፤ ከሰጠችው ውስጥ ግን የእርሷ ያልሆነም ነበረበት። በፊታውራሪ መሸሻ ላይ ለመፍረድ ማንም አንባቢ አይቸገርም። በውድነሽ ላይ ለመፍረድ ግን አንደበት ይያዛል። የመጽሐፉ ጥልቀት ያለው በመጀመሪያው ላይ ሳይሆን በዚህ በሁለተኛው ላይ ይመስለኛል።

ቃሉን የሚፈታው ማን ነው?

በዛብህ ለትምህርት ከቤቱ ተለይቶ ሲኖር ወላጆቹን በሞት ያጣል። ይህ ሞት በብዙዎች ንባብ ውስጥ የጀግናውን ብቸኝነት ለማጉላት የገባ አንድ አሳዛኝ ድርጊት ሆኖ ያልፋል። ከሴራው አንጻር ሲታይ ግን ከዚህ የበለጠ ሥራ ይሠራል። ወላጆቹ በሕይወት ቢኖሩ ኖሮ በዛብህ ማንኩሳ ሄዶ በእናቱ ጉልበት ላይ ሊወድቅ ይችል ነበር። ሽማግሌ ሊልክ፣ በንስሐ አባት ሊያስለምን፣ ሊቆጣና ሊታረቅም ይችል ነበር። ሕያው ወላጅ ጨካኝም ቢሆን ይለመናል። የሞተ ወላጅ ግን አይለመንም። ቃሉን ያሰሩት እጆች ከአፈር በታች ስለሆኑ የሚፈታው አልተገኘም።

ሐዘኑና ዕዳው እዚህ ላይ አንድ ይሆናሉ። በገጠሩ ማኅበረሰብ ልጅ ለሞቱ ወላጆቹ የሚከፍለው የታወቀ ነው፤ ይቀብራል፣ ያለቅሳል፣ በአርባ ቀን ተዝካር ያወጣል፣ ሙት ዓመት ያስታውሳል። እነዚህ ሁሉ መጨረሻ አላቸው። ሙሾ አውራጁ ዝም ይላል፤ ድንኳኑ ይፈርሳል፤ ሐዘንተኛው ማቁን ያወልቃል። ለበዛብህ ግን ወላጆቹን ማክበር ማለት ብፅዓቱን መጠበቅ ስለ ሆነ፣ ሐዘኑ የዕድሜ ልክ ተዝካር ሆኖበታል። ሌላውን ሰው ከሐዘን የሚያወጣው አዲስ ፍቅር ነው፤ እርሱ ግን ወደ ፍቅር አንድ እርምጃ በተራመደ ቁጥር እናቱን ሁለተኛ የሚቀብር ይመስለዋል።

ታዲያ ፍቅሩ የተወለደበት ሁኔታ ይህንን ያጠነክረዋል። በዛብህ ወደ ፊታውራሪ ቤት የሚገባው ሰብለ ወንጌልን ንባብና ጽሕፈት እንዲያስተምር ነው። ወላጆቹ ለቤተ ክርስቲያን አገልግሎት ብለው ያስተማሩት ትምህርት ወደ ሴት ልጅ ደጃፍ አደረሰው። ከፍቅር እንዲጠብቀው የታሰበው ፊደል ፍቅርን አመጣ። ሁለቱ የሚነጋገሩትም በትምህርት ሽፋን ነው፤ የቤቱ ሰው ሁሉ የሚያየው መምህርና ተማሪን ነው። በገጠር ሐዘን አደባባይ ይወጣል፣ ፍቅር ግን ይደበቃል፤ የሚጮኸው ልቅሶ ነው፣ የሚንሾካሸከው ፍቅር ነው። በዛብህ ሁለቱንም በዝምታ እንዲሸከም መደረጉ የባሕርዩን ፍርሃትና ማመንታት ያስረዳል። አንዳንድ ሐያስያን ይህንን ማመንታት እንደ ደካማነት አይተው ጀግናው ከጀግናይቱ ያነሰ ነው ይላሉ። በእርግጥም ሰብለ ወንጌል ከእርሱ ይልቅ ቆራጥ ናት። ምክንያቱ ግን የባሕርይ ልዩነት ብቻ አይደለም። እርሷ የምትታገለው ከሕያው አባት ጋር ነው፤ እርሱ የሚታገለው ከሙታን ጋር ነው።

የጉዱ ካሳ ክርክር ወሰን

በመጽሐፉ ውስጥ ሌላው ሰው በሆዱ የያዘውን አውጥቶ የሚናገር ጉዱ ካሳ ነው። ካሳን «ጉዱ» ያሰኘውም ይኸው ነው። የሚናገረው ነገር አዲስ ስለሆነ ብቻ አይደለም፤ በየቤቱ የሚታወቀውን በአደባባይ ስለሚለው ነው። ከላይ እንዳልሁት ምስጢር ማለት የማይነገር የታወቀ ነገር ከሆነ፣ የጉዱ ካሳ እብደት ምስጢር ማፍረስ ነው። ማኅበረሰቡም ራሱን የሚከላከለው ሰውየውን በመሞገት ሳይሆን ቅጽል ስም በመስጠት ነው።

ጉዱ ካሳ የዘርን ኩራትና የልማድን ጭነት በሚያፈርስበት ጊዜ ንግግሩ ይዋጣል። ሆኖም ክርክር ወሰን አለው። ፊታውራሪ መሸሻን በክርክር መርታት ይቻል ይሆናል፤ ቢያንስ ተከራካሪው ከፊት አለ። በልጅ ልብ ውስጥ ያለችን የሞተች እናት ግን በክርክር መርታት አይቻልም። ልጁ የተሸነፈው በምክንያት ሳይሆን በፍቅር ስለ ሆነ ምክንያት አያወጣውም። ይህ የሐዲስን ታማኝነት ያሳያል። ለውጥን አጥብቆ የሚሻውን ገጸ ባሕርይ ፈጥረው፣ አንደበተ ርቱዕ አድርገው፣ ሰዎች ሊያደምጡት የሚገባ መሆኑንም አሳምነውን ሳለ፣ ቃሉ ሁሉን ያድናል ብለው ግን አልዋሹንም።

የሰብለ ወንጌል ልብስ

የመጽሐፉ ፍጻሜ ከዚህ አንጻር ሲነበብ አዲስ ትርጉም ያገኛል። ሰብለ ወንጌል ከአባቷ ቤት ወጥታ በዛብህን ፍለጋ የምትሄደው መነኩሴ መስላ ነው። በአማርኛ ልብ ወለድ ሴት ልጅ ልብስ ለውጣ መንገድ ስትወጣ ይህ የመጀመሪያው አይደለም። አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ በ1900 ዓ.ም. ሮም ላይ ባሳተሙትና ዛሬ «ጦቢያ» እያልን በምንጠራው ልብ ወለድ ታሪክ ጀግናይቱ ወንድ መስላ ትሄዳለች። በዚያ ታሪክ ግን የተለበሰው ልብስ በጊዜው ይወልቃል፤ ማንነት ይገለጣል፤ መጨረሻውም ሠርግ ነው። የሰብለ ወንጌል ልብስ አይወልቅም። በዛብህን ያገኘችው በመንገድ በደረሰበት አደጋ በሞት አፋፍ ላይ ሳለ ነው። እርሱ ካረፈ በኋላ መስላ የነበረችውን ሆነች፤ መነነች።

ይህንን ፍጻሜ አብዛኛው አንባቢ የፍቅር ታማኝነት ምልክት አድርጎ ያየዋል። ነውም። ነገር ግን ከመጽሐፉ መጀመሪያ ጋር ስናገናኘው አንድ አስጨናቂ ነገር ይታየናል። ቦጋለና ውድነሽ በማንኩሳ የገቡት ቃል ትዳር ሳይዙ እግዚአብሔርን ማገልገል ነበር። ልጃቸው አፍቅሮ ከዚያ ቃል ሊወጣ ሲታገል ሞተ። ቃሉ ግን አልሞተም፤ አንድም ቀን ባላየቻቸው፣ በዘር በማትገናኛቸው፣ ምንም ባልማለችላቸው ልጅ ላይ ወረደ። የበዛብህን ብፅዓት የፈጸመችው ሰብለ ወንጌል ናት። የውድነሽ ፍርሃት የተከፈለው በሌላ እናት ልጅ ዕድሜ ነው። ከሰብለ ወንጌልም ጎን በመጨረሻ የምናገኘው ጉዱ ካሳን መሆኑ ነገሩን ያጠናክራል፤ ምስጢርን ያፈርስ የነበረው አንደበት የሚያርፈው ምስጢሩ በተቀበረበት ስፍራ ነው።

ሰብለ ወንጌል በዚያ ልብስ ባትኖር ሐዘኗን በምን ታሳየው ነበር ብሎ መጠየቅም ይገባል። የገጠሩ ሥርዓት ለሚስት፣ ለእናት፣ ለእኅት የልቅሶ ስፍራ አዘጋጅቷል። በሀገር ፊት ድግስ ሳይደገስላት፣ ሽማግሌ ሳይቀመጥላት ለወደደች ሴት ግን የተዘጋጀ ስፍራ የለም። በመቃብር አጠገብ ዕድሜዋን ሙሉ ብትቀመጥ ማንም «አንቺ ምኑ ነሽ?» የማይላት መነኩሲት ስትሆን ብቻ ነው። የምንኩስናው ቆብ የታማኝነት ምልክት የመሆኑን ያህል ለማዘን የተገኘ ብቸኛው ፈቃድም ነው።

ስለ ድርሰቱ ጉድለት

ይህ ንባብ የመጽሐፉን ድክመት ሁሉ ያስተባብላል ለማለት አይደለም። ሁሉን አወቅ ተራኪው ብዙ ጊዜ ድርጊቱ ራሱ የተናገረውን ደግሞ ያብራራል፤ ጉዱ ካሳ በሚናገርባቸው ገጾች ንግግሩ ከገጸ ባሕርይው አንደበት አልፎ የደራሲው ድርሳን የሚመስልበት ጊዜ አለ። በዛብህን ለሞት ያበቃው በመንገድ የደረሰ አደጋ መሆኑም ይተቻል። ከብፅዓቱም ከዘር ኩራቱም በቀጥታ አልመነጨምና በምክንያትና በውጤት ሰንሰለት ውስጥ የላላ ቀለበት ነው የሚለው ትችት ተገቢ ነው። መልስ ቢኖረው፣ ሁለቱን ወጣቶች ከየቤታቸው አውጥቶ መንገድ ላይ የጣላቸው ያው ያልተነገረ ነገር ነው የሚል ነው፤ ይህም ትችቱን ያለሰልሰዋል እንጂ አያስቀረውም።

ከእነዚህ ሁሉ የሚብሰኝ ግን ሌላ ነው። ውድነሽ በጣሙ ከሞተች በኋላ በመጽሐፉ ውስጥ የሚገባትን ያህል ድምፅ አታገኝም። ቃሏ ሴራውን እስከ መጨረሻው ሲነዳው እርሷ ራሷ ከአንባቢው ዓይን ትርቃለች። ምናልባት ብዙዎቻችን የፊታውራሪን ጥፋት ስናስታውስ የብፅዓቱን የምንረሳው በዚህ ምክንያት ይሆናል።

ማጠቃለያ

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት በዐዋጅ የሕዝብ ሲሆን የፊታውራሪ መሸሻ ዓለም በሕግ አበቃ። «ፍቅር እስከ መቃብር» የአንድ ያለፈ ሥርዓት ክስ ብቻ ቢሆን ኖሮ ከዚያ ቀን በኋላ የታሪክ ሰነድ ሆኖ በቀረ ነበር። አልቀረም። ጉልትና ገባር ምን እንደ ነበሩ በመምህር ማብራሪያ የሚረዳ ትውልድ ዛሬም ያነበዋል፤ ያለቅስበታልም። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ጋብቻ በተጋቢዎች ነፃ ፈቃድ እንዲመሠረት ይደነግጋል፤ ሆኖም ወላጅ በፍቅርና በፍርሃት በልጁ ስም የሚገባውን ቃል የሚደርስበት ዐዋጅ የለም። ልጁ ሐኪም እንዲሆን፣ ሀገሩን እንዳይለቅ ወይም እንዲለቅ፣ የሟች ወንድሙን ስፍራ እንዲተካ የተሳለ ወላጅ በየዘመኑ አለ። ብዙውም ጊዜ ሊጠየቅ የሚችልበት ቀን ሳይደርስ ያልፋል።

ስለዚህ መጽሐፉን ስናስተምር ከፊታውራሪ አዳራሽ በፊት በማንኩሳ ጎጆ ረዘም ላለ ጊዜ መቆየት ያለብን ይመስለኛል። ተማሪዎቻችን መሸሻን መጥላት ቀድመው ያውቁበታል። ቦጋለንና ውድነሽን እየወደዱ፣ በልጃቸው ላይ የጫኑትንም ሸክም ሳይክዱ ማንበብ ግን ትምህርት ይጠይቃል፤ ደራሲውም በመጀመሪያዎቹ ምዕራፎች ከእኛ የጠየቁት ይህንኑ ነው።